ታሪክን በሁለት ዓይን፦ ስለ ልጆች ሥዕላዊ የታሪክ መጽሐፍ

ታሪክን በሥዕል ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን የቅዱሳንን ገድል ያነበበው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። ባህላዊ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 44 በሚሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍለው፣ ለየክፍሉም አጭር ጽሑፍ ሰጥተው፣ ተመልካቹ ደረጃ በደረጃ እየተከተለ እንዲያነበው አድርገው ሲሥሉ ኖረዋል። የዐድዋንም ድል እንደዚሁ ደጋግመው ሥለውታል። በአውሮፓ ኮሜንየስ የተባለው መምህር የታወቀውን ሥዕላዊ የልጆች መማሪያ መጽሐፉን ያሳተመው በ1658 ነው፤ የእኛ የብራና ሠዓልያን ግን ከዚያ አስቀድመው ቃልንና ሥዕልን በአንድ ገጽ ላይ አጋብተው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ በሥዕል መተረክ ከውጭ የመጣ የልጆች ማባበያ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የገዛ ቤቱን ግድግዳ ቀና ብሎ ያልተመለከተ ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ በነባሩ ጥበባችን ውስጥ አንድ ሥርዓት አለ። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይን ይሣላል። ኃጥኡ፣ ከሓዲውና ሰይጣኑ ግን ፊታቸው በጎን ይታያል፤ የሚሰጣቸውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። በዐድዋ ሥዕሎችም ወገን በሁለት ዓይን፣ ጠላት በአንድ ዓይን ቆሞ እናየዋለን። ይህ ሥርዓት ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ትርጉም አለው፤ በዚያ የሚሣለው የጽድቅና የኃጢአት ነገር ነውና። በልጆች የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ግን መርዝ ይሆናል። ምክንያቱም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዓይን የሚሣልለት ሰይጣን አይደለም፤ በሚቀጥለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ተማሪ ቅድመ አያት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በአጭሩ ይኸው ነው፤ ልጆቻችን የአገራቸውን ታሪክ በሥዕል ሊማሩ ይገባል፤ በዚያም ሥዕል ውስጥ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይን ሊኖረው ይገባል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ከአንድ ቦታ ላይ ቆመን እንመልከተው። ደዶ ከጅማ ከተማ በስተ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋማው አገር የምትገኝ ናት። በስተ ሰሜኗ የጅሬን ኮረብታ አለ፤ በስተ ደቡብ ደግሞ የወረዳው ምድር ቁልቁል ወርዶ በጎጀብ ወንዝ ላይ ያበቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለልጅ የሚነገር ታሪክ ሞልቶ ተርፏል። በጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። ዛሬ የጅማ ከተማ በተዘረጋበት ሥፍራ ጥንት የሂርማታ ገበያ ነበር፤ በየሐሙሱ ከየአቅጣጫው የመጣው ነጋዴ ቡናና ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ይለዋወጥበት ነበር። በጊቤ ዙሪያ የተነሡት አምስቱ መንግሥታት፣ ማለት ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ በወሰናቸው ላይ ኬላ አቁመው፣ በመካከላቸውም ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ ምድር ትተው ይጠባበቁ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 በጅማ ነገሡ። በ1884 ለምኒልክ ገብረው፣ ዓመታዊ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆዩ፤ ይህንንም ያደረጉት በእናታቸው በጌኔ ጉሚቲ ምክር እንደ ሆነ ይተረካል።

ታዲያ የደዶ ልጅ ከዚህ ሁሉ በዓይኑ ያየው ምንድን ነው? በታችኞቹ ክፍሎች ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት አይደለም፤ ከሌሎች ነገሮች ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት ገጽ ይደርሰዋል። በስሙ ተጠርቶ ራሱን ችሎ እስኪመጣ ድረስ ልጁ ጎልምሷል፤ የሚያምነውንም ከሌላ ቦታ ሰምቶ ጨርሷል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል በብዙ አካባቢ የመማሪያ መጽሐፍ እንኳ በጊዜው አለመድረሱ ይታወሳል። ስለ አባ ጅፋር ልጁ ከሽማግሎች የሚሰማው ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደ ነበር ነው። ይህ መልካም ጨዋታ ነው፤ ሆኖም የቁመት ወሬ ታሪክ አይባልም። የቀረውን የሚሞላው የታላቅ ወንድሙ ስልክ ነው። በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ማንም የፈለገውን ሥዕል፣ የፈለገውን ቁጣ ጨምሮበት ያሳየዋል። ከዚህ የምንረዳው ልጁ ታሪክን በሥዕል መማሩን እንዳላቋረጠ ነው፤ ያጣው ስለ ሥዕሉ እውነት ኃላፊነት የሚወስድ መምህር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቆጨው ደግሞ የሚከተለው ነው። በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀው ቀዳሚ የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ የተጠናቀረው ከዚሁ ከጊቤ ምድር በወጣች ሴት እጅ ነው። አስቴር ጋኖ ትባላለች። በ1872 ገደማ ነጻ ሆና ተወለደች፤ ኋላ ግን በሊሙ ኢናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት ተዳረገች። በ1886 ወደ ዐረብ ምድር ለሽያጭ የሚወስዳትን ጀልባ የኢጣልያ መርከቦች በባሕር ላይ ያዙት፤ እርሷም ነጻ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር የቋንቋውን መዝገበ ቃላት አሰናዳች። በልጅነቷ በቃሏ የያዘቻቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች 500 ያህል አድርጋ ጻፈች። ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1894 «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የጀማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ። በ1899 ለታተመውም የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ደክማለች፤ በርእሱ ገጽ ላይ ግን ስሟ አልወጣም። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምቴ መምህርት ሆነች፤ ያረፈችውም በ1964 ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ልብ በል። ከእናት ከአባቷ የተነጠቀች ልጅ ነጣቂዎቿ ሊወስዱባት ያልቻሉትን አንድ ሀብት፣ የእናቷን ተረት፣ ለማታውቃቸው ልጆች መጽሐፍ አድርጋ አስረከበች። ከዚህ የሚበልጥ የልጆች ታሪክ ከየት ይመጣል? የደዶም የሊሙም የአጋሮም ልጅ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ይማራል። የመንገዱን የመጀመሪያ ድንጋይ ካኖሩት አንዷ ስለ ሆነችው ልጅ ግን 32 ገጽ ያላት ሥዕላዊ መጽሐፍ በየክፍሉ መደርደሪያ ላይ አናገኝም። የአገራችን የልጆች መጽሐፍ ነገር ሲበዛ የተገለበጠ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የሞስኮው ፕሮግረስ ማተሚያ ቤት ባማሩ ሥዕሎች የተዋቡ መጻሕፍትን በአማርኛ እያሳተመ በርካሽ ዋጋ ያቀርብልን ነበር። ዛሬም በእርዳታ የሚመጡት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የብዙ ትምህርት ቤቶችን መደርደሪያ ሞልተዋል። ዩኔስኮ ስለ አፍሪካ ሴቶች ታሪክ ባዘጋጀው ተከታታይ ሥዕላዊ ሥራ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን አካቷል፤ የወጣውም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። ስጦታ አይጠላም፤ የሰጪውንም እጅ ማመስገን ይገባል። ሆኖም የሰው ልጅ በረዶ ሲያቦካ የሚያሳይ መጽሐፍ ይዞ ያደገ ልጅ በደጁ ስላለፈው ዘመን የሚያሳየው ከሌለ፣ ታሪክ ማለት የሌላ አገር ሰው ነገር ይመስለዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይሰነዘራሉ። አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ሥዕል ታሪክን ያቀልላል፣ ልጁንም ከንባብ ያሰንፋል የሚለው ነው። ይህ ስለ መጥፎ ሥዕል የተባለ እንደ ሆነ እውነት ነው። ጥሩ የታሪክ ሥዕል ግን ከጽሑፍ የበለጠ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ጸሐፊው «ነጋዴው ገበያ ወጣ» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ሠዓሊው ግን ሊያልፍ አይችልም። ነጋዴው ምን ለበሰ? ጭነቱ በበቅሎ ነው ወይስ በሰው ጫንቃ? የተቀመጠበትስ በርጩማ ስንት እግር አለው? አሞሌው በምን ታስሮ ነበር? የቤቱ ክዳን ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ? ለእነዚህ ሁሉ መልስ ሳያገኝ ብሩሹን ማንሣት አይገባውም። ስለዚህ አንድ ገጽ የታሪክ ሥዕል በአግባቡ ሲሠራ የብዙ ቀን ምርመራ ውጤት ነው። ልጁም ሥዕሉን እየመረመረ ሲጠይቅ፣ ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። ንባብን የሚያሰንፈው ሥዕል ሳይሆን የሚነበብ ነገር ማጣት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዳጅ ወገን የሚመጣ ስለ ሆነ ይበልጥ አደገኛ ነው። መጽሐፉስ ይዘጋጅ፣ ነገር ግን ልጆች በአገራቸው እንዲኮሩ ድሉንና ክብሩን ብቻ እናሳያቸው ይላል። ለደዶ ልጅ ይህ ማለት ቤተ መንግሥቱን፣ ዙፋኑን፣ የንጉሡን ቁመትና የገበያውን ብልጽግና ሥሎ፣ በሂርማታ ከቡናውና ከዝባዱ ጎን ሰው ይሸጥ እንደ ነበር መደበቅ ነው። እንዲህ ከሆነ አስቴር ጋኖን ከየት እናመጣታለን? ያለ ባርነቷ የሕይወቷ ታሪክ አይቆምም። ባሪያ ያደረጋትም ከባሕር ማዶ የመጣ ጠላት አይደለም፤ የጊቤው ቤተ መንግሥት ራሱ ነው። የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማስቀረት በ1924 እና በ1931 ዐዋጆች ወጡ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ዐዋጅ ነው። ይህም ማለት ገና በሕይወት ያሉ አዛውንት ሊያስታውሱት የሚችሉት ዘመን ነው። የተሸጠው ሰው ልጆችም የሸጠው ሰው ልጆችም ዛሬ በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ። የሚያፍሩበትን ነገር በመሸፈን የሚገኝ ኩራት የሸክላ ምጣድ ነው፤ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው።

ይህን ስንል ልጅን እናስደንግጥ ማለታችን አይደለም። ሰንሰለትና ጅራፍ፣ ደምና ሬሳ ለልጅ መጽሐፍ አይሆንም። በተጨናነቀው ገበያ መካከል፣ ከበርካታ አዋቂዎች ጉልበት በታች፣ የእናቷን እጅ በዓይኗ የምትፈልግ አንዲት ልጅ ብትሣል ይበቃል። ያንን ገጽ ያየ ልጅ ባርነት ምን እንደ ሆነ ያለ ትርጓሜ ይገባዋል።

ክብርን ብቻ መሣል ወዴት እንደሚያደርስ ከሌላ አገር ሥራ መማር ይቻላል። በህንድ አናንት ፓይ የተባለ ሰው በ1967 «አማር ቺትራ ካታ» የተባሉትን ሥዕላዊ መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ። ለዚህ ያነሣሣው፣ እንደሚተረከው፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ውድድር ላይ የህንድ ወጣቶች ስለ ግሪክ አማልክት አሳምረው ሲመልሱ የራማን እናት ስም ግን ማጣታቸው ነው። መጻሕፍቱ ከ400 በላይ ርእሶች ወጥተውላቸው በየቤቱ ገቡ፤ የአንድ ትውልድ ልጆችም የአገራቸውን ታሪክ በእነርሱ አወቁ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የገዛ አገራቸው ምሁራን ኋላ ብርቱ ወቀሳ አቅርበውበታል፤ ነገሥታቱና ጀግኖቹ በዝተው፣ ዝቅተኛ የሚባለው ሕዝብ፣ ሴቱና የሌላው እምነት ተከታይ ወይ ጠፍቷል ወይም ተጣሞ ተሥሏል አሉ። ሥዕል በልጅ ልብ ላይ ያለውን ኃይል ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም፤ የቀናውም የተጣመመውም እኩል ይቀረጻል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ታሪካችን ገና አከራካሪ ነው፤ ምሁራን እስኪስማሙ ድረስ ልጆችን አናስገባበት የሚለው ነው። በ2012 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የጋራ የታሪክ ኮርስ ማስተማሪያ ሲዘጋጅ የተነሣው ክርክር ለዚህ እንደ ምስክር ይጠቀሳል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ምሁራን ፈጽሞ የተስማሙበት የማን አገር ታሪክ ነው? ልጅነትስ የሊቃውንትን ስምምነት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ትምህርት ቤቱ ዝም ባለበት ዓመት ሁሉ ሌላው ይናገራል።

የጎጀብን ነገር እንውሰድ። በ1897 የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ወንዙን ተሻግሮ የከፋን መንግሥት ሲይዝ፣ የጅማው የአባ ጅፋር ጦርም ከዘማቾቹ ወገን ነበር። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ ተማርከው ተወሰዱ፤ ወደ ዙፋናቸውም አልተመለሱም። ይህን ታሪክ በወዲህኛው ዳር ለሚኖረው ለደዶ ልጅ ብቻ ብንሥለው፣ የከፋው ሰው በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ሊታይ ነው። ለቦንጋው ልጅ ብቻ ብንሥለው ደግሞ የጅማው ፈረሰኛ አንድ ዓይኑን ሊያጣ ነው። አዲስ አበባ ላለው ልጅ ብቻ ከተሣለ ሁለቱም ወንዝ ዳር የቆሙ አጃቢዎች ይሆናሉ። መፍትሔው ዝም ማለት አይደለም። መጽሐፉ ሲገለጥ በግራው ገጽ የወዲህኛው ዳር፣ በቀኙ ገጽ የወዲያኛው ዳር ይሣል፤ በመካከሉም ጎጀብ ይፍሰስ። የሚሻገረውም የሚጠብቀውም ሰው ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይመልከተው። ልጁ «ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ መምህሩን ቢጠይቅ፣ የታሪክ ትምህርት የተጀመረው በዚያች ደቂቃ ነው። የሊቃውንቱ ክርክር ለልጁ የሚደበቅ ነውር ሊሆን አይገባም፤ በዕድሜው ልክ ተመጥኖ የሚሰጠው ትምህርት ነው።

በእርግጥም ጉዳዩ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚሁ በጅማ አካባቢ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በእድርና በደቦ፣ በሠርግና በለቅሶ ተሳስሮ የሚኖር ሕዝብ ነው። ሆኖም በ1999 ዓ.ም. በበሻሻ አካባቢ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአሰንዳቦና በዙሪያው የሃይማኖት ስም የያዘ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤትና ቤተ ክርስቲያንም ተቃጥሏል። ያንን ያመጣው የሥዕል መጽሐፍ ማነስ ነው የሚል የዋህ የለም። ነገር ግን ጎረቤቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በሁለት ዓይን ሲያይ ያደገን ሰው፣ ያ ጎረቤት ባለ አንድ ዓይን ጠላት ነው ብሎ በአንድ ሌሊት ማሳመን ቀላል አይሆንም። መጽሐፍ የሚችለው ይህንን ያህል ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥራው የማይጨበጥ ሕልም አይደለም። አንድ ፎርም 16 ገጽ ነው፤ ሁለት ፎርም 32 ገጽ ይሆናል። በሽቦ የሚሰፋ፣ በሁለት ቀለም የሚታተም 32 ገጽ መጽሐፍ አገር ውስጥ ያሉ ማተሚያ ቤቶች ከአቅማቸው በታች የሚሠሩት ነገር ነው። ሠዓሊ አላጣንም፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ትውልድ አስመርቋል። ምሁርም አላጣንም፤ ጅማ ራሷ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ማስረጃም አላጣንም፤ በጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋር ዕቃዎች ተቀምጠዋል፣ በጅሬን ቤተ መንግሥቱ አለ፣ በየመንደሩም ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ጠራቢ አለ። ያጣነው እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ኃላፊ ነው።

ስለዚህ ከባህልና ከትምህርት መሥሪያ ቤቶች የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የየወረዳው የመጀመሪያ የታሪክ መጽሐፍ ልጁ ከቆመበት ኮረብታ ይነሣ። የደዶው ልጅ ከጅሬንና ከጎጀብ ተነሥቶ ወደ ዐድዋም ወደ አክሱምም ይሂድ፤ ሩቁን የሚያየው ከራሱ ደጅ ላይ ቆሞ ነውና። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ በሚማርበት ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ ያው መጽሐፍ በአማርኛ፣ ከወንዙ ማዶም በካፊኖኖና በዳውሮኛ ይውጣ፤ ሥዕሉ ግን በሁሉም አንድ ይሁን። በቋንቋ ቁጥር የሚለዋወጥ ሥዕል ካለ፣ አንዱ ጋ የተዋሸ ነገር አለ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ሠዓሊው ከአዲስ አበባ ሳይነሣ አይሣል፤ ገበያውን ይየው፣ ከአዛውንቱ ጋር ይቀመጥ፣ በተለይም ከአሮጊቶቹ ጋር፤ አስቴርን ያስተማሯት ተረት ነጋሪዎች እናቶች ነበሩና። አራተኛ፣ ከመታተሙ በፊት ረቂቁ ለልጆች ይታይ። የሣር ቤት ውስጥ የሚኖር ልጅ የሣር ቤት ክዳን ተሳስቶ የተሣለ እንደ ሆነ ከማንኛውም አርታኢ አስቀድሞ ይይዘዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህ ለትዕግሥት የተነገረ እንጂ ለስንፍና የተሰጠ ምክንያት አይደለም፤ ንጋትም ቢሆን መስኮቱን ለዘጋ ቤት አይገባም። አስቴር ጋኖ ከተሰበረ ልጅነቷ ውስጥ ለቅማ በ1894 ለልጆች መጽሐፍ ሰጠች፤ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልነበራትም። እነዚህ ሁሉ ያሉት ትውልድ ለደዶ ልጅ 32 ገጽ መስጠት ካቃተው፣ የጎደለው ገንዘብም ወረቀትም አይደለም። ብሩሹ ይነሣ፤ የመጀመሪያውም ገጽ በጎጀብ ዳር ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ልጆች ይከፈት፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ዓይን ይሁኑ።